የአስመራው ካቴድራል ሳሎን ጠረጴዛ ላይ፦ የሞዴል ሥራ ማስታወሻ

ሳምንት 1

እማዬ ሰባ ዓመት ሊሞላት ሦስት ወር ያህል ቀርቷታል። ተወልዳ ያደገችው አስመራ ነው፤ በአሥራ ሰባት ዓመቷ ነው ወደ አዲስ አበባ የመጣችው። ስጦታው ምን ይሁን በሚለው ከእህቴ ጋር ስንከራከር ሰነበትን። ነጠላ ሞልቷታል። አምና የገዛንላት ስልክ ከነካርቶኑ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። በመጨረሻ የአስመራውን ትልቁን ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በሞዴል ልሠራላት ወሰንኩ። ተማሪ ሳለሁ ሞዴል እሠራ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከተር የያዝኩት ካርቶን ለመክፈት ብቻ ነው።

ስኬሉ 1 ለ 100። አንድ ሜትር አንድ ሳንቲም ይሆናል፤ ሒሳቡ ራስ አያዞርም። መሠረቱ 60 በ 90 ሳንቲም ኤምዲኤፍ (የተጨመቀ ጣውላ)። ከሰፈራችን አናጢ ቁራጭ በ400 ብር ወሰድኩ። “ለምንድን ነው?” አሉኝ። “ቤተ ክርስቲያን ልሠራ ነው” ስላቸው ከላይ እስከ ታች አይተውኝ ሃምሳ ብር ቀነሱልኝ።

ስሙን አስቀድሜ ላጥራ፤ እኔም ተምታቶብኝ ነበርና። ሕዝቡ ካቴድራል ይለዋል። ትክክለኛ ስሙ የመቁጠሪያ እመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ነው። ጣሊያኖች የሠሩት ለራሳቸው ለላቲን ሥርዓት ነው፤ የላቲኑ ጳጳስ መንበር ስለነበረ ካቴድራል መባሉ ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ ቁምስና (አጥቢያ) ነው። በግዕዝ ሥርዓት የሚቀድሱት ኤርትራውያን ካቶሊኮች ካቴድራል ሌላ ነው፤ ኪዳነ ምሕረት ይባላል።

ሕንጻው ያለቀው በ1923 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። የነደፈው ኦሬስቴ ስካናቪኒ የሚባል ጣሊያናዊ ነው። ስልቱ ሎምባርድ ሮማኔስክ፣ የሰሜን ጣሊያን የመካከለኛው ዘመን አሠራር። ቀይ ሸክላ ጡብ፣ ግማሽ ክብ ቅስት፣ ቀጭን ረጅም የደወል ማማ። ማማው ከ50 ሜትር በላይ ስለሆነ እኔ 52 ብዬ ያዝኩ።

ይህን ቁጥር ያዙልኝ። እኔ አልያዝኩትም።

ሳምንት 2

ፕላን የለኝም። አስመራ ሄጄ ሜትር አልዘረጋም። ያለኝ ከየቦታው የሰበሰብኩት ሠላሳ አንድ ፎቶ ነው። አብዛኛው ከጎዳናው ላይ ቆሞ፣ ካሜራውን ወደ ሰማይ አንጋጦ የተነሣ ነው።

ዘዴዬ ይሄ ነበር። ደረጃው በአንድ ፎቶ ላይ ጥርት ብሎ ይታያል። አንድ እርከን ወደ 15 ሳንቲም ቢሆን ነው አልኩ። እሱን ማስመሪያ አድርጌ በሩን ለካሁ፣ ከበሩ ግድግዳውን፣ ከግድግዳው ማማውን። ፎቶው ወደ ላይ እየጠበበ ስለሚሄድ በፎቶሾፕ ጎኖቹን ገትቼ አቆምኩት። ቀጥ አለ። ኦቶካድ (የንድፍ መሳያ ፕሮግራም) ላይ አስገብቼ በላዩ ሳልኩበት። ሦስት ሌሊት ፈጀብኝ፤ ደስ የሚል ሥራ ነው።

ሕትመት፦ ኤ1 አራት ወረቀት፣ ልደታ አካባቢ፣ 320 ብር።

ሰርፕራይዝ ሊሆን ነበር። ሐሙስ ዕለት እማዬ ሻይ ይዛልኝ ስትገባ ስዕሉ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ነበር። ዝም ብላ አየችው። “ካቴድራል!” አለችና ሻዩን እዚያው ወረቀቱ ላይ አስቀመጠችው። አሁንም የብርጭቆው ክብ ምልክት አለበት። በቃ፣ ሰርፕራይዙ እዚያ ላይ ተበላ።

ሳምንት 3

ግድግዳው ፎም ቦርድ ነው (በሁለት ወረቀት መሐል ነጭ ስፖንጅ ያለው ሰሌዳ)፣ 5 ሚሊ። አራት ኤ1፣ እያንዳንዱ 450 ብር። ከተር፣ የከተር ምላጭ ሁለት ፓኬት፣ የብረት ማስመሪያ። በፕላስቲክ ማስመሪያ የሚቆርጥ ሰው ማስመሪያውንም ጣቱንም ይቆርጣል፤ ከልምድ ነው የምናገረው።

የመጀመሪያው ጥፋት፦ ያጣበቅኩት በኡሁ ነበር። ኡሁ ወረቀት ለወረቀት ግሩም ነው። የፎሙን ሆድ ግን ይበላዋል። በማግስቱ ጠዋት ሳይ ማዕዘኖቹ ላይ ያለው ነጭ ስፖንጅ እንደ አይብ ቀልጦ ወደ ውስጥ ገብቷል። ሁለት ግድግዳ ጣልኩ። ከዚያ ወደ ነጭ የእንጨት ኮላ ዞርኩ፤ እስኪደርቅ በስፒል እየወጋሁ አቆምኩ። ቀስ ይላል፣ ግን አይበላም።

ዋናው ጥፋት ግን ከዚህ ይብሳል። ቅዳሜ ማማውን ቆርጬ፣ ገጥሜ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጎን አቆምኩት። አማረብኝ። እማዬን ጠራኋት።

“ደወል ቤቱ የታለ?”

“ይኸው እማዬ።”

“ይሄ? ይሄማ የእህል ጎተራ ነው። ልጄ፣ ያ ማማ እኮ ከአባ ሻውል ሰፈር ቁልቁል ስንመጣ ከሁሉ ቀድሞ የሚታየን ነበር። ሰዓት ያረፈደ ሁሉ ቀና ብሎ የሚያየው እሱን ነው።”

ከፋኝ፣ አልዋሽም። ተከራከርኩ፣ “ከፎቶ ነው የለካሁት” አልኳት። ስትወጣ ማስመሪያ አምጥቼ ለካሁ። 41 ሳንቲም። ሳምንት 1 ላይ በገዛ እጄ “52” ብዬ ጽፌአለሁ።

ምን ሆነ? ከሥር ወደ ላይ የተነሣ ፎቶ ከፍታን ያሳጥራል። ጫፉ ከካሜራው ስለሚርቅ ያንሳል። ፎቶሾፕ ላይ ጎኖቹን ስገትር ስፋቱ ተስተካከለ፤ ቁመቱ ግን እንዳጠረ ቀረ። በዚያ ላይ የእርከኑ ግምት አለ። 15 ያልኩት 16 ቢሆን፣ ስህተቱ ከደረጃ ወደ በር፣ ከበር ወደ ግድግዳ፣ ከግድግዳ ወደ ማማ እየተባዛ ይሄዳል። በአንድ ጣት ስህተት ተነሥቶ አንድ ክንድ ስህተት ላይ መድረስ ማለት ይሄ ነው።

ሳምንት 4

ስዕሉን እንደ አዲስ። በዚህኛው ከጎዳናው ማዶ፣ በጣም ከሩቅ የተነሡ ሦስት ፎቶዎችን ብቻ ተጠቀምኩ። ካሜራው ከራቀ ማንጋጠጡ ይቀንሳል፣ የቁመትና የስፋት ምጣኔውም ለእውነቱ ይቀርባል። ማማውን 52 ላይ ቸነከርኩትና ሌላውን ከእሱ ወደ ታች ለካሁ፤ ከትልቁ ወደ ትንሹ። መጀመሪያም እንዲህ ነበር መሆን የነበረበት።

52 ሳንቲም ቁመት ያለው ባዶ የፎም ቱቦ ግን መቆም አልቻለም። በር ሲዘጋ ይወዛወዛል። አናጢው ጋር ተመለስኩ። ካሬ የዋንዛ ዘንግ ልገው ሰጡኝ፣ 180 ብር። መሠረቱን ከታች በብሎን ወግቼ ዘንጉን አሰርኩት፣ ፎሙን እንደ ቀሚስ አለበስኩት። አሁን የእህቴ ልጅ ሲነካካውም አይንቀሳቀስም።

ምነው ይህን ያህል ቀጠነ ብዬ ትንሽ አነበብኩ። ሰሜን ጣሊያን ውስጥ የደወል ማማ እንዲህ ነው። ታችኛው አካል ድፍን ነው፣ ክፍተት አይበዛበትም፣ ሸክሙን የሚሸከመው እሱ ነውና። ወደ ደወሉ ሲጠጋ ይከፈታል፤ ድምፁ እንዲወጣም፣ አናቱ እንዲቀልም። ለሞዴል ሠሪ ይሄ በረከት ነው። ድፍኑ የታችኛው ግድግዳ በአንድ ቀን አለቀ። ላይኛው አሥራ አምስት ሳንቲም አራት ቀን ወሰደ።

እግረ መንገዴን ያገኘሁት፦ በነሐሴ 1921 ምፅዋን ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ መትቷታል። ይሄ ማማ ከዚያ ሁለት ዓመት በኋላ አለቀ፣ እስከ ዛሬም ቆሟል። የእኔው በዋንዛ ነው የቆመው።

ሳምንት 5 እና 6

ቅስት፣ ቅስት፣ ቅስት።

ከጣሪያው ክፈፍ ሥር በረድፍ የተደረደሩ ትንንሽ ግማሽ ክቦች አሉ። ከሩቅ ዳንቴል ይመስላሉ። የሎምባርዲያ ግንበኞች ይህን የጀመሩት ከ900 ዓመት በላይ ይሆናል። ግድግዳው ላይ ቀጫጭን ጠፍጣፋ ምሰሶዎች ጥቂት ወደ ፊት ወጣ ብለው ወደ ላይ ይዘረጋሉ፣ ላይ ሲደርሱ በትንንሽ ቅስቶች ይያያዛሉ። እብነ በረድ አይጠይቅም፣ ቀራፂ አይጠይቅም። ጡብና ጥላ ይበቃዋል። ፀሐይ ስትመታው እያንዳንዷ ቅስት ከሥሯ ጥላ ትጥላለች፤ ያ ሁሉ ድፍን ግድግዳ ይቀልላል። ሚላኖ ያለውን የሳንት አምብሮጆ ቤተ ክርስቲያን ፎቶ አስቀምጬ እያመሳከርኩ ነው የሠራሁት፤ የዚህ ስልት አባት እሱ ነው ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ መከራዬ። በ1 ለ 100 አንዷ ቅስት 4 ሚሊ ትሆናለች። የሚያስፈልገኝን ርዝመት ደማምሬ 170 ሳንቲም አገኘሁ። ከቅስት እስከ ቅስት 5 ሚሊ ብል፣ 340 ቅስት።

ሙከራ አንድ፦ በከተር። ስድስት ቆረጥኩ። አንዱም አንዱን አይመስልም። ተውኩት።

ሙከራ ሁለት፦ የቢሮ ወረቀት መብሻ። ክቡ ያምራል፣ ግን 6 ሚሊ ነው። ግድግዳው ላይ ሳደርገው የዶሮ ማደሪያ መሰለ።

ሙከራ ሦስት፦ ሌዘር። ፋይሉን አዘጋጅቼ 300 ግራም ብሪስቶል ወረቀት ይዤ ሄድኩ። ቤቱን ስም አልጠራም፣ ልጁ ጨዋ ነው። በደቂቃ 25 ብር። የመጀመሪያው ሙከራ ኃይሉ ስለበዛ ጠርዙ ከሰለ፤ ኃይሉን ቀንሰን ፍጥነቱን ጨመርን፣ ጥሩ መጣ። ግማሽ ላይ ስንደርስ መብራት ሄደ። ሲመለስ ማሽኑ መነሻውን ረስቶታል፣ ቀሪው ሁለት ሚሊ ተንሸራቶ ተቆረጠ። ልጁ “ግማሹን ብቻ ክፈል” አለኝ። 575 ብር ከፍዬ 150 የምትሆን ቆንጆ ቅስት ይዤ ወጣሁ። ብመለስ ብመለስ መብራት የለም። ሦስት ቀን።

ሙከራ አራት፦ ጫማ ሠሪ። ጫማዬን ላስጠግን ቁጭ ብዬ ሳለሁ ሰውየው ቀበቶ ሲበሳ አየሁት። ያ እንደ ጉጠት የሚጨበጠው፣ ጭንቅላቱ የሚሽከረከር፣ ከትንሽ እስከ ትልቅ የተለያየ ቀዳዳ ያለው መሣሪያ! መርካቶ 350 ብር። አራት ሚሊውን መርጬ ወረቀቱ ላይ በየአምስት ሚሊው ነጥብ አድርጌ በረድፍ በሳሁ። ከዚያ ረድፉን መሐል ለመሐል በከተር ሰነጠቅኩት። አንድ ቀዳዳ ሁለት ግማሽ ክብ ይወጣዋል። ጎደሎዬን 190 ቅስት በ95 ቀዳዳ፣ በአንድ ምሽት፣ ፊልም እያየሁ ጨረስኩ።

ከሌዘሩ በልጦ ነው የወጣው ብል ማጋነን ይሆናል። የሌዘሩ ጠርዝ ቡናማ ስለሆነ ጥላ ይመስላል፣ እሱን ፊት ለፊት ላይ አደረግኩ። የመብሻው ጎንና ጀርባ ላይ ገባ። ማንም አይለይም፤ አሁን ስለነገርኳችሁ እንጂ።

ሳምንት 7

ጡብ።

ከኢንተርኔት የጡብ ምስል አውርጄ፣ አሳትሜ፣ ቁራጭ ፎም ላይ ለጠፍኩ። እማዬ መነጽሯን አድርጋ “ይሄ ብሎኬት ነው እንዴ?” አለች። ልክ ናት። ምስሉ ላይ አንዱ ጡብ 3 ሚሊ ከፍታ አለው፤ በስኬሉ 30 ሳንቲም መሆኑ ነው። የጣሊያን ጡብ ከፍታው 5.5 ሳንቲም ግድም ነው። ከነሲሚንቶው 6.5 በሉት። በሞዴሉ 0.65 ሚሊ። ማማው ብቻ 800 ረድፍ ጡብ ሊሆን ነው። ይህን መሳል ቀርቶ ማየትም አይቻልም።

ስለዚህ ጡብ አልስልም፣ የጡብ ቀለም እቀባለሁ። ርካሽ ይሆናል ብዬ የብረታ ብረት ሰዎች የሚቀቡትን ቀዩን አንቲረስት ሞከርኩ። ቀለሙ የተዋጣለት ነው። ግን በቲነር የሚቀጥን ቀለም ነው፤ የፎሙን ጠርዝ እንደ ኡሁ በላው። አንድ ሰው አንድ ጥፋት ሁለት ጊዜ ሲያጠፋ ምን ይባላል? ደግነቱ ቁራጭ ላይ ነበር።

አክሪሊክ ገዛሁ፦ ቀይ፣ ቢጫማ አፈር ቀለም፣ ጥቁር፣ ነጭ። 960 ብር። ከጠቅላላው ሥራ ከውዶቹ አንዱ ሆነ። አሠራሩ፦ መጀመሪያ ግድግዳው ላይ በደነዘ መርፌ በየሁለት ሚሊው አግድም መስመር መጫር፤ መቁረጥ የለም፣ ማስረጎድ ብቻ። ከዚያ ቀዩን ከአፈሩ ቀላቅሎ በዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ቁራጭ ጠብ ጠብ ማድረግ። ሲደርቅ ትንሽ ጠቆር ያለውን እዚህም እዚያም። በመጨረሻ ውኃ የመሰለ ግራጫ ነጭ ቀለም መስመሩ ውስጥ አስገብቶ በጨርቅ ቶሎ መጥረግ። የእኔ ጡብ አሁንም ከእውነተኛው ሦስት እጥፍ ይበልጣል፣ ግን መስመሩ ስስ ስለሆነ ዓይን ይቅር ይላል።

ሳምንት 8 እና 9

ዝናብ። ምንም አልተሠራም ማለት ይቻላል። እርጥበቱ የጎኑን ግድግዳ እንደ ቀስት አጎበጠው። በአንድ ወገን ብቻ ስለቀባሁትም ነው፤ አንዱ ፊት ሲረጥብ ያብጣል፣ ሌላው እንዳለ ይቀራል። በጀርባውም ውኃ የበዛበት ኮላ ቀብቼ በመዝገበ ቃላትና በሁለት የዘይት ጄሪካን ተጫንኩት። በአምስተኛው ቀን ተቃና። ጣሪያውንና የጎን መስኮቶቹን ያዘጋጀሁት በዚሁ ሰሞን ነው፤ የሚወራለት ነገር የለውም።

እህቴ “ውስጡንስ?” አለችኝ። ውስጡን አልሠራም። መሠዊያው ከካራራ እብነ በረድ ነው፣ የስብከት ሰገነቱና የኑዛዜ ሳጥኖቹ ከጣሊያን የመጣ የተቀረጸ ዋልነት እንጨት። ያን በ1 ለ 100 የሚሠራ ሰው ሰዓት ሠሪ መሆን አለበት። እማዬም ውስጡን ብዙ አታስታውስም። ኦርቶዶክስ ናት፣ የምታስቀድሰው እንዳ ማርያም ነበር።

ሳምንት 10

ገጠማ። አራቱ ግድግዳ፣ ጣሪያው፣ ማማው። ኮላ፣ ስፒል፣ ላስቲክ። በአንድ ቅዳሜ አለቀ። ያለ ጥፋት ያለቀች ብቸኛዋ ቅዳሜ ናት፤ ስለዚህ አላምናትም።

ሳምንት 11

አለማመኔ ልክ ነበር።

ደረጃው ቀርቶ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ደረጃውን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም። ከመሠረቱ ፊት ለፊት አራት ሳንቲም ብቻ ነው የተውኩለት። ከተረፈው 5 ሚሊ ፎም አራት ቁራጭ ደራርቤ ለጠፍኩና ግራጫ ቀባሁት። ሃያ ደቂቃ ፈጀ።

እማዬ መጣች። ቅስቱን አየች፣ ማማውን ቀና ብላ አየች፣ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ፊቱን አየች።

“ይሄ ምንድን ነው?”

“ደረጃው።”

“ይሄማ የግንብ አጥር ነው። ማን ይቀመጥበታል?”

ለካሁ። 5 ሚሊ ማለት በስኬሉ ግማሽ ሜትር ነው። አንድ እርከን፣ ግማሽ ሜትር። ሰው በእጁ ተንጠላጥሎ ነው የሚወጣው። እርከን ማስመሪያ አድርጌ ሥራውን የጀመርኩ ሰው እርከኑን ራሱን ዘነጋሁት።

ከዚያ እማዬ ቁጭ አለችና ማውራት ጀመረች። ከትምህርት ቤት መልስ የሚቀመጡት እዚያ ነው። አንዷ ሃያ አምስት ሳንቲም ካላት ጀላቶ (አይስክሬም) ይገዛል፤ ለአራት ይላሳል። ፊታቸው ጎዳናው ነው፣ ዘንባባው፣ ማታ ማታ ለብሶ የሚንሸራሸረው ሰው። ያኔ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጎዳና ነበር። ከነጻነት በኋላ ሐርነት ተባለ። የአስመራ ሰው ግን ዱሮም ዘንድሮም ኮምቢሽታቶ ይለዋል።

ኮምቢሽታቶ ምን ማለት እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም ነበር። “ጣሊያንኛ ነው፣ ካምፖ ቺንታቶ፤ የታጠረ ሜዳ” አለችኝ። ለነጮች የተለየ ሰፈር። ሄጄ አነበብኩ። ኦዶአርዶ ካቫኛሪ በ1913 ያወጣው የከተማ ፕላን አስመራን በዘር ከፋፍሎ ነው የሸነሸናት፤ የአውሮፓውያን፣ የድብልቅ፣ የአገሬው። ቤተ ክርስቲያኑ የቆመው በአውሮፓውያኑ እምብርት ላይ ነው። ከ1937 ጀምሮ የፋሺስት የዘር ሕጎች ሲወጡ ደግሞ መለያየቱ ጠነከረ። በ1939 ቆጠራ ከከተማዋ 98 ሺህ ነዋሪ 53 ሺው ጣሊያን ነበር። የእንግሊዝ ጦር አስመራ የገባው ኤፕሪል 1 ቀን 1941 ነው።

“እናቴ ልጅ ሆና በዚያ ጎዳና አልሄደችም” አለች እማዬ። “ማማውን ታየዋለች፣ ደወሉን ትሰማለች፣ ደረጃው ጋ ግን አትደርስም። እኔን እዚያ ተቀምጬ ስታገኘኝ ትቆጣ ነበር። ለምን እንደምትቆጣ አልገባኝም ነበር።”

በቤተ ክርስቲያን በኩልም ያው መለያየት ነበር። ከሚሲዮናዊው ከአባ ያዕቆብ ደ ጃኮቢስ ዘመን ጀምሮ የአገሬው ካቶሊክ በግዕዝ ነው የሚቀድሰው፤ የአባ ያዕቆብን ማኅበር ወንድሞች፣ ፈረንሳውያኑን ላዛሪስቶች፣ ጣሊያኖች በ1895 አስወጥተው ቦታውን ካፑቺን ለሚባሉት ጣሊያናውያን መነኮሳት ሰጡ። በ1930 የግዕዝ ሥርዓቱ ራሱን የቻለ አስተዳደር ሲያገኝ ኪዳነ ማርያም ካሳ የሚባሉ ኤርትራዊ ጳጳስ ተሾሙለት። የላቲኑ መንበር እዚሁ፣ እኔ ሳሎን ባቆምኩት ቤት ቀረ።

ማታ ደረጃውን በከተር ነቀልኩት። ቀለሙም አብሮ ተነሣ።

ሳምንት 12

ደረጃ በትክክል። 1.5 ሚሊ ጠንካራ ካርቶን፣ አንድ እርከን አንድ ንጣፍ፤ 15 ሳንቲም ይሆናል፣ ለእውነቱ ይቀርባል። የእርከኑ ስፋት 3 ሚሊ። ከፊቱ ያለው ክፍት ቦታና የእግረኛ መንገዱ ሲጨመር 11 ሳንቲም ያስፈልጋል። ያለኝ 4 ነው።

ሁለት ምርጫ ነበረኝ። ደረጃውን ማጭበርበር፣ ወይም መሠረቱን መለወጥ። አንድ ቀን ሙሉ ለማጭበርበር አሰብኩ። ከዚያ ለአናጢው ደወልኩ። 70 በ 100 አዲስ ኤምዲኤፍ፣ 750 ብር፤ በዚህኛው ቅናሽ የለም። ቤተ ክርስቲያኑን ከአሮጌው መሠረት ለማላቀቅ ኮላውን በሞቀ ውኃ በተነከረ ጨርቅ እያለሰለስኩ ምላጭ ከሥር ሰደድኩ። የኋላው ጥግ ላይ ሦስት ሳንቲም ያህል ወረቀት ተልጦ ቀረ። ጥገናው ይታያል፣ ግን ከኋላ ነው።

አዲሱ ቦታ ላይ ሲቀመጥ ነገሩ ተለወጠ። ያ ሁሉ ማማ ከፊቱ ባዶ ቦታ ሲያገኝ ነው የረዘመው። ሠሪዎቹ ከጎዳናው ከፍ አድርገው ደረጃ ላይ የሰቀሉት ሰው ከታች ቀና ብሎ እንዲያየው ይመስለኛል፤ ግዛት ማለት ይሄ ነው ለማለት። ሰው ጀላቶ ይዞ የሚቀመጥበት ይሆናል ብለው አልነደፉትም።

ዘንባባ፦ ግንዱ የጥርስ እንጨት፣ ቅጠሉ በመቀስ የተቆራረጠ አረንጓዴ ወረቀት። ስድስት ዛፍ፣ አንድ ሰዓት። እማዬ ሠራችው።

ሳምንት 13

ሰው። በ1 ለ 100 ትልቅ ሰው 1.7 ሳንቲም፣ የአሥር ዓመት ልጅ 1.3 ግድም። ስስ ሽቦ አጣጥፌ ወረቀት አለበስኩ። ኮላ ብቻውን አልያዛቸውም፣ እየወደቁ አስቸገሩ። የሽቦውን ጫፍ አስረዝሜ ደረጃው ላይ በመርፌ በበሳሁት ቀዳዳ ተከልኳቸው።

የት የት እንደሚቀመጡ የወሰነችው እማዬ ናት። አራት ልጆች ሦስተኛው እርከን ላይ፣ ወደ ግራ ጠጋ ብለው። ነጠላ የለበሰች አንዲት ሴት ደግሞ ከታች፣ የእግረኛ መንገዱ ላይ፣ ወደ ልጆቹ ዞራ። ማን እንደሆነች አልጠየቅኳትም።

ወጪ፣ ለሚጠይቀኝ ሁሉ፦ ፎም ቦርድ 1,800፣ ሁለቱ ኤምዲኤፍ 1,100፣ ዘንግ 180፣ ሕትመት ከነድጋሚው 640፣ ሌዘር 575፣ መብሻ 350፣ አክሪሊክ 960፣ ብሪስቶልና ካርቶን 520፣ ኮላ፣ ምላጭ፣ ስፒል፣ ሽቦ 430፣ ለሙከራ የገዛሁት አንቲረስት 280። ድምሩ 6,835 ብር። አንቲረስቱ አልቀረም፤ የግቢውን በር ቀባሁበት።

ልደቱ እሑድ ነው። ትናንት ማታ እማዬ ከልጆቹ አንዷን ቀይ ቀሚስ ላልብሳት አለችና የጥፍር ቀለሟን አመጣች። የጥፍር ቀለምም ፎም ይበላል። ልጅቷን ከደረጃው ነቅዬ በጉጠት ይዤላት ቀባቻት፤ ሲደርቅ መልሼ እተክላለሁ።